ወጪው ከአንዱ ኪስ፣ ትርፉ በሌላው ኪስ፦ የወር አበባ ጤና ትምህርት ሒሳብ በስቶቭነር

የኦስሎ የምድር ባቡር በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከሚያበቃበት ከቬስትሊ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ስቶቭነር ይገኛል። ከክፍለ ከተማው ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አማርኛ በሚነገርበት ቤት እያደገች እዚህ የምትማር ልጅ ስለ ወር አበባ ሁለት ነገር ይደርሳታል፤ ከትምህርት ቤት በኖርዌይኛ ማብራሪያ፣ ከቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝምታ። በጀት በጠበበ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሕዝብ ገንዘብ ሊወጣ ይገባል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ሒሳቡ የሚሠራው በግማሽ መሆኑ ነው።

በኖርዌይ ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ላሉ ልጆችና ወጣቶች ነፃ የትምህርት ቤት ጤና አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ አለበት። በኦስሎ አገልግሎቱን የሚያካሂዱት 15ቱ ክፍለ ከተሞች ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱም ተማሪዎች 7ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ በጉርምስና ወቅት የሚመጡትን የሰውነት ለውጦች እንዲያውቁ ይጠይቃል። ስለዚህ ትምህርቱ ከባዶ የሚጀመር ፕሮጀክት አይደለም። ነርሷ አለች፤ ክፍሉም ተማሪዎቹም አሉ። የሚጨመረው ጥቂት የሥራ ሰዓት ነው።

ይሁን እንጂ ቁጠባ ሲታሰብ በቀላሉ የሚቀነሰው ያው ሰዓት ነው፤ ጉዳቱ በማግሥቱ አይታይምና። ነርሷን የሚከፍለው ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው። ክፍለ ከተማው ዛሬ ያዳነው ክሮነር ከዓመታት በኋላ በሆስፒታል መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ ቢመጣ፣ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን የሚያነብ የለም። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የግንባታውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ሁሉ የጥገና ወጪ ያሰላል፤ የጤና ትምህርት ግን በዚህ መለኪያ አይመዘንም።

ያልተማረ አካል ምን ያስከፍላል? የወር አበባ ቁርጠት ዋነኛ ምክንያት ማኅፀን እንዲኮማተር የሚያደርጉ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች የእነዚህን መመረት ስለሚቀንሱ ሕመሙን ያስታግሣሉ። በአንድ ዑደት ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ደም የሚፈሳት ሴት ለደም ማነስ የተጋለጠች ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ኢንዶሜትሪዮሲስ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያጠቃል፤ በሽታው የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዓመታት ስቃይ በኋላ ነው። «የሴት ነገር ነው፣ ቻይው» ተብላ ያደገች ልጅ የትኛው ሕመም የተለመደ፣ የትኛው ሐኪም የሚያሻው እንደሆነ የምትለይበት መንገድ የላትም።

ተቃዋሚዎችም ክርክር አላቸው። በኔፓል ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት ልጃገረዶች በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩት በዓመት ከአንድ ቀን በታች መሆኑን፣ የወር አበባ ካፕ ማደሉም ይህን እንዳልለወጠ አሳይቷል። ይህ ሊካድ አይገባም፤ መርሐ ግብሩን በቀሪ ተማሪዎች ቁጥር ብቻ መከላከል ደካማ ክርክር ነው። በሌላ በኩል፣ በጋና ተካሂዶ በ2012 የታተመ አነስተኛ ጥናት ሞዴስ ከትምህርት ጋር ሲሰጥ የልጃገረዶች ክፍል መገኘት ከ3 ወር በኋላ እንደተሻሻለ፣ ትምህርት ብቻ ሲሰጥም ከ5 ወር በኋላ ተቀራራቢ ውጤት እንደተገኘ ዘግቧል። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ትምህርቱ የዕደላው ማጀቢያ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

መንግሥት በአንድ እጁ እያስተማረ በሌላው ግብር መሰብሰቡም የሒሳቡ አካል ነው። በኖርዌይ ለምግብ የሚከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲሆን ለሞዴስ ግን መደበኛው 25 በመቶ ነው። ኬንያ ይህን ግብር በ2004፣ ብሪታንያ በጥር 2021 አንሥተዋል። ከሞዴስ ሽያጭ የሚገባው ግብር ተቆጥሮ፣ ለትምህርቱ ከሚወጣው ጎን ቢቀመጥ «የሕዝብ ወጪ» የሚለው ቃል ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ጉዳዩ የሀብታም አገር ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2003 በጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድባለች። ቤት ለቤት የሚዘልቅ መንገድ ተዘርግቷል፤ በዚያው መንገድ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ማሳለፍ አዲስ መንገድ የመዘርጋት ያህል አያስወጣም።

በስቶቭነር የጎደለው እናቶችና አባቶች ጋ የሚደርስ ቋንቋ ነው። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው የአስተርጓሚ ሕግ የመንግሥት ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀምንም በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ስለ ገዛ ሰውነቷ ለእናቷ እንድታስተረጉም የተገደደች ልጅ ግማሹን በኀፍረት ታስቀረዋለች። ስለዚህ የአስተርጓሚ ክፍያና በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የሚደረግ የወላጆች ምሽት የትምህርቱ ዋና ወጪ ተብለው ሊያዙ ይገባል። ከትምህርቱ የሚጠቀመው የሆስፒታሉ በጀት ከሆነ ደግሞ፣ የወጪውን ድርሻ መንግሥት ሊሸከም ይገባዋል።

ወጪውን መጠየቅ የግብር ከፋይ መብት ነው። የተሟላ መልስ የሚገኘው ግን የክፍለ ከተማው፣ የሆስፒታሉና የግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገለጡ ነው። እስከዚያ ድረስ ልዩነቱን የምትከፍለው ሕመሟን ችላ የምትቀመጠው ልጅ ናት።