8ኬ ዲስክ አይመጣም፤ አትጠብቁት

በየጥቂት ወሩ የሆነ ሰው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ከ4ኬ ብሉሬይ ቀጥሎ ያለው ዲስክ መቼ ነው የሚወጣው? አሁን ልግዛ ወይስ እሱን ልጠብቅ?» መልሴ አጭር ነው፦ አይወጣም፣ አትጠብቅ። ሰውየው ቅር ይለዋል፤ ምክንያቱም ስሌት አለው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲቪዲ በ1996 ጃፓን ውስጥ መሸጥ ጀመረ፣ ብሉሬይ በ2006 መጣ፣ 4ኬ ዲስክ በ2016። በየአሥር ዓመቱ አንድ። እንግዲህ ተራው የ8ኬ ነዋ! ስሌቱ ያምራል፤ ግን ቴክኖሎጂ እንደ ፋሲካ ቀን ተቆጥሮለት አይመጣም።

8ኬ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። የጃፓኑ ኤንኤችኬ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በ8ኬ የሚያሰራጭ ጣቢያ አለው፤ ቴሌቪዥኑም ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ፊልም በ8ኬ ዲስክ አሽጎ ለገበያ ያቀረበ ስቱዲዮ ግን የለም። ቢያቀርብስ ማን ያየዋል? ጤነኛ ዓይን ከ3 ሜትር ርቀት ሁለት ነጥቦችን ነጣጥሎ የሚያየው በመካከላቸው 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ሲኖር ነው። ባለ 55 ኢንች 4ኬ ስክሪን ላይ አንዷ ፒክስል 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በ8ኬ ደግሞ የዚያችም ግማሽ ትሆናለች። ከቴሌቪዥናችሁ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ካልተፋጠጣችሁ በቀር የምትከፍሉት ዓይናችሁ ለማያየው ነገር ነው።

ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ጋ ይይዘኛል፦ «በዚህ ሒሳብ እኮ የድሮው ብሉሬይም ይበቃል!» በፒክስል ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ከሶፋ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃል። የ4ኬ ዲስክ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። አንዱ ኤችዲአር ነው፤ የሻማ ብርሃን እንደ ሻማ፣ ጨለማው እንደ ጨለማ ይታያል፣ ቀለሙም ይሰፋል። ሌላው የመረጃው ብዛት ነው። 4ኬ ዲስክ በሰከንድ እስከ 128 ሜጋቢት ድረስ መላክ ይችላል። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በቂ ነው የሚለው የኢንተርኔት ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ነው። ሁለቱም «4ኬ» ተብለው ይጻፋሉ። ጭስ፣ ዝናብ፣ ጨለማ ኮሪደር ያለበት ትዕይንት ላይ አንዱ ፊልም ይሆናል፣ አንዱ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ ግራጫ ጭቃ።

ስለዚህ «ከዲስክ ምን እንጠብቅ?» ለሚለው መልሱ ከቁጥሩ ይልቅ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ነገር ላይ ነው። ከ2000 በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት የተሠሩ ስንትና ስንት የሆሊውድ ፊልሞች ቅንብራቸው ያለቀው በ2ኬ ነው። ሣጥኑ ላይ 4ኬ ተጽፎባቸው የሚሸጡት ተለጥጠው ነው። ከዚህ የባሰም አለ። በ2024 የጄምስ ካሜሩን «ኤልየንስ»፣ «ትሩ ላይስ» እና «ዘ አቢስ» በ4ኬ ዲስክ ሲወጡ ብዙ ሰብሳቢ ተናደደ። የፊልሙ ተፈጥሯዊ ብናኝ በኮምፒውተር ታጥቦ፣ የተዋንያኑ ፊት ሰም የተቀባ መስሏል። ለኔ ይሄ ማሻሻል አይባልም። የአያትህን ፎቶ አንስቶ መጨማደዷን ማጥፋት ነው። እንዲህ ያለው እጅ 8ኬ ቢሰጠው የሚሠራልን ያው ሰሙን በአራት እጥፍ ፒክስል ነው።

እስካሁን የተጣላሁት 8ኬ ከሚጠብቁት ጋር ነው። አሁን «ዲስክ ሞቷል፣ ቅበሩት» ከሚሉት ጋር ልጣላ፤ የሚያናድዱኝ እነሱ ናቸው። እርግጥ ምልክቱ አለ። ኦፖ በ2018 ማጫወቻ መሥራት አቆመ፣ ሳምሰንግ በ2019 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፣ ኤልጂ በ2024 ተከተለ። ገበያው በዋናነት ለሶኒና ለፓናሶኒክ ቀርቷል። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዲስክ ማንበቢያው ለብቻው እየተሸጠ መጣ። ኢንዱስትሪው ራሱም እጁ አለበት፦ የ4ኬ ዲስክ ቁልፍ በኮምፒውተር እንዲፈታ የሚያስፈልገውን የኢንቴል የደኅንነት ክፍል፣ ኢንቴል ራሱ ከ11ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ለተራ ተጠቃሚ ከሚሸጠው ላይ አነሳው። ገንዘቡን ከፍሎ ዲስክ የገዛ ሰው አዲሱ ኮምፒውተሩ ላይ በሕጋዊ መንገድ ማየት አይችልም። ሰርቆ የሚያወርደው ግን ያያል። ኧረ ተዉን!

ይሁን እንጂ እየሞተ ያለው ፕላስቲኩ ብቻ ቢሆን ባላለቀስኩ። ካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አወጣች፦ ዲጂታል ሱቆች «ግዛ» የሚል ቁልፍ ሲያስቀምጡ፣ ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይንገሩት የሚል። ሕግ እስኪወጣ ድረስ ምን ስንገዛ እንደነበር አስቡት። ዲዝኒ ፕላስ ራሱ ያሠራውን «ዊሎው» የተባለ ተከታታይ በ2022 መጨረሻ ማሳየት ጀምሮ በ2023 ግንቦት ላይ ከራሱ መድረክ አነሳው። ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም። ወርኃዊውን በጊዜው የከፈለ ሰው ምን ቀረው? ምንም። ቤቱ የኪራይ ነው፤ አከራዩ ሲፈልግ ዕቃህን ያወጣዋል።

«ለኛ ምን አገባን፣ 4ኬ ዲስክ አዲስ አበባ የት ይሸጣል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ያሉኝ ጥቂት ዲስኮች ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገቡ ናቸው፣ ያውም ከቡናና ከበርበሬ ጋር የተለወጡ። (በነገራችን ላይ 4ኬ ዲስክ እንደ ዲቪዲ በአካባቢ አይቆለፍም፤ ከየትም ይምጣ የትም ይጫወታል። ለኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው።) ግን ነገሩን ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባን እኛ ነን። የ«ሲዲ 1» እና «ሲዲ 2» ልጆች ነን። ፊልሙ መሐል ላይ ሲደርስ ከቤቱ ታናሽ የሆነው ተነስቶ ሲዲ ይቀይራል። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ፒክስል ነበር፤ 4ኬ ከ80 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ብዥ ያለ ነበር፣ ግን የቤቱ ነበር። ከዚያ ፍላሽ ይዘን ሄደን ፊልም ማስጫን መጣ፤ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ። ያን ጊዜ በቪሲዲ የወጡ የአማርኛ ፊልሞችን ዛሬ ስፈልግ ወይ አላገኛቸውም፣ ወይ ከዚያው ብዥታ ላይ የተገለበጠ፣ ጥጉ ላይ የሰው ስልክ ቁጥር የተለጠፈበት ቅጂ አገኛለሁ። ዋናው ቅጂ ማን እጅ ነው? የማን ሃርድ ዲስክ ውስጥ? ይህን ጥያቄ ሳንመልስ ስለ 8ኬ ማውራት ጎጆ ሳይቀልሱ መጋረጃ መምረጥ ነው።

ይሄን ነገር ቀድሞ የገባው ኃይሌ ገሪማ ነው። «ሳንኮፋ» በ1993 ሲጠናቀቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን ሲያዞሩበት፣ ሲኒማ እየተከራየ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ። ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሲያስተምርበት ከነበረው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር በፊልሙ ስም ሱቅ ከፈተ፤ መጽሐፍና ቪዲዮ የሚሸጥበት፣ ቡና የሚጠጣበት። ቅጂው ከሱ እጅ ወደ ተመልካች እጅ። በ2021 «ሳንኮፋ» በ4ኬ ታድሶ በኔትፍሊክስ ታየ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ደስታዬ ያለ ስጋት አይደለም። ኔትፍሊክስ ላይ የታየ ፊልም ውሉ ሲያልቅ ይወርዳል። የሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ግን ከገዛው ሰው በቀር የሚያነሳው የለም።

ዲስክም ዘላለማዊ አይደለም፤ ይጫራል፣ ይሻግታል፣ አዲስ ፊልም ብዙ ጊዜ 30 ዶላር ገደማ ነው። ለሁሉም ፊልም ግዙ አልልም። አንዴ አይታችሁ ለምትረሱት ስትሪሚንግ ይበቃል። ልጆቻችሁ እንዲያዩት ለምትፈልጉት ግን ቅጂ ይኑራችሁ፣ በዲስክም ይሁን በሃርድ ዲስክ። ከሠሪዎቹም የምንጠይቀው ተጨማሪ ፒክስል ሳይሆን ያልታጠበ ቅጂ፣ የማይቆለፍ ዲስክና የሚጠገን ማጫወቻ ይሁን።

እኔ የምጠብቀው ዲስክ አለ። ኃይሌ በአብዮቱ ሰሞን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚረዝም፣ በአማርኛ የሚናገር፣ ብናኙ ሳይነካ። ከ2016 ጀምሮ ያለው ባለ 100 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃዋል፤ በሰከንድ ከ80 ሜጋቢት በላይ ቢጠቀም እንኳ ይይዘዋል።