ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ጭሱ ይታይ



እንደሚታወቀው የማኅበራችን የናፍታ ፒክአፕ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከማመላለስ ጀምሮ፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን እስከ መጫን፣ በሌሊት የታመመ ሰው ሲኖርም ሐኪም ቤት እስከ ማድረስ ያገለገለን መኪና ነው። ይሁን እንጂ ካለፈው ጥር ወር ወዲህ ዳገቱን በወጣ ቁጥር የሚለቀው ጥቁር ጭስ ሰፈሩን አማርሮታል። የተሰጣ ልብስ አጥቁሯል፤ የመዋዕለ ሕፃናቱን ግድግዳ ጥላሸት አልብሷል። አንዲት እናትም አስም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ቢሮአችን ድረስ መጥተው «መኪናው የሁላችን ነው ትላላችሁ፤ ሳሉ ግን የልጄ ብቻ ነው» ብለውናል። መልስ አልነበረንም።

በመጪው እሑድ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ይቀርባል። አንዱ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው መኪናው ይሸጥ የሚል ነው። እኛ የኮሚቴው አባላት ለሁለቱም ጊዜው ገና ነው እንላለን። ምክንያታችንን እነሆ።

መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ ኮፈኑን እንኳ በወጉ ሳይከፍት «ሞተሩ አልቋል፤ ፋሻው መቀየር አለበት» አለን። የጠየቀን ገንዘብ ለአዲስ ድንኳን በሁለት ዓመት ያጠራቀምነውን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልንፈርም ምንም አልቀረንም። ኋላ ግን አንድ አባል ወደሚያውቋቸው ሽማግሌ መካኒክ ወሰዱን። እኒህ ሰው መኪናውን ከማየታቸው በፊት «ጭሱ መልኩ ምን ዓይነት ነው? የሚያጨሰውስ መቼ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። አምስት ሰዎች ሆነን ሄደን አንዳችንም በትክክል መመለስ አልቻልንም። አሳፋሪ ነው፤ ሁላችንም በየቀኑ እናየው ነበር እኮ።

ያስረዱን ነገር መኪና ላለው ነዋሪ ሁሉ ስለሚጠቅም እንጽፈዋለን። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍታው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ፣ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል ማለት ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ዘይት ቶሎ ቶሎ ጨምር የሚል መኪና ከሆነ ያን ጊዜ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ መጠርጠር ይገባል። ነጭ ጭስ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ጠዋት በብርድ ታይቶ ወዲያው የሚጠፋው ተን ነውና አያስደነግጥም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ይሆናል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየት ነው፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና መኪናው እንዳይነሣ። ራዲያተሩን በትኩስነቱ መክፈትም አይገባም፤ ፊት ያቃጥላል።

የእኛው ጭስ ጥቁር ነው፤ የሚያጨሰውም ዳገት ላይና ጭነት ሲበዛበት ነው። ዘይትም አይበላም። ታዲያ ፋሻው ምን አደረገ?

የአየር ማጣሪያው ሲወጣ ያየነውን ለመናገር ይከብዳል። የበጋው አቧራ እንደ ጭቃ ተጋግሮበታል። ይኸውም የቀድሞው ሾፌራችን የወረቀቱን ማጣሪያ በቤንዚን እያጠበ እንደ ሸሚዝ አጥር ላይ ያሰጣው ስለነበረ ነው። የወረቀት ማጣሪያ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በአየር ይነፋል፣ ሲያልቅ ይቀየራል። አውጥቶ ጥሎ ያለ ማጣሪያ መንዳትማ የባሰ ነው፤ አቧራው ሲሊንደሩንና ፋሻውን ይበላና ያ ጋራዥ ያለው ነገር የዚያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

ሌላም ነገር ተገኝቷል። ዳገቱ ላይ ጉልበት እንዲሰጥ ተብሎ የናፍታ ፖምፓው ቡሎን ተነካክቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። እንደኛው ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አየር ላይ ናፍታ ቢጨመርለት ጉልበቱ ጥቂት፣ ጭሱ ብዙ ይሆናል። የተጨመረው ነዳጅ ደግሞ በማኅበሩ ገንዘብ የተገዛ ነው።

ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ ብቻ መጣል አንፈልግም። ማጣሪያውን በየጊዜው የማየት ኃላፊነት የኮሚቴው ነበር፤ ከመስከረም እስከ ጥር አንድም ቀን አላየንም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ማጣሪያው ተቀይሯል፤ ጭሱም ቀንሷል፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። በመሆኑም የምንጠይቀው ሦስት ሥራ እንዲፈቀድልን ነው፤ ኖዝሎቹ እንዲፈተሹ፣ ፖምፓው በመሞከሪያው ላይ ወደ ልኩ እንዲመለስ፣ የሞተሩም ኮምፕሬሽን እንዲለካ። ኮምፕሬሽኑ ወድቆ ከተገኘ ያን ጊዜ ስለ ሞተር መውረድ እንነጋገር። ይሸጥ ለሚሉት ግን ጭሱን ለሌላ ሰፈር ልጆች መሸጥ ነው እንላለን።

እስከዚያው ማንም ሰው ፒክአፑን በመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ሥር አስነሥቶ እንዳያቆም ተወስኗል። ሚኒባስ ያላችሁ ነዋሪዎችም ጠዋት ጠዋት በዚያው ቦታ ስታሞቁ እናያለንና ብትተዉት መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ሞተር ጭስ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ካስታወቀ ከሰኔ 2004 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልጆቹ ደግሞ ቁመታቸው ከጭስ ማውጫው ብዙም አይበልጥም።

ስብሰባው እሑድ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ይካሄዳል። የወጣው አሮጌ ማጣሪያ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ማየት የፈለገ ሁሉ ይየው። ልብስ እንዳያጠቁር በጋዜጣ ጠቅልለነዋል።