ወርቁ የጠፋበት ወዳጄ

ከጥቂት ወራት በፊት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ወዳጄ ድምፁን ከፍ አድርጎ ባሏ የሞተባትን ሴት «ሣጥኑን በስንት ገዛችሁት?» ሲል ጠየቃት። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት እናት አማተቡ። ስንወጣ ደረጃው ላይ «ለየለት»፣ «ጠጥቶ ነው» ሲባል ሰማሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ትንፍሽ አላልኩም።

ይህ ሰው በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ የነዳ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ቅኔ ወዳድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ መኪናው በበረዶ ተንሸራቶ ተጋጨና ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመታ። ሦስት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝቶ በእግሩ እየሄደ ወጣ። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ካፉ ይወጣል። «ተመስገን፣ ዳነ» አልንና ነገሩን ዘጋነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ልጅ መግባባት ተምሬ ዲግሪ የያዝኩ፣ በጋዜጠኝነትም እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። የወዳጄ ችግር አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሚስቱ «እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል፣ አብረኸው ግባልኝ» ብላኝ ከንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ዘንድ ስንቀርብ ነው።

በግጭት ጊዜ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላተማል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መልእክት የሚያመላልሱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይጎዳሉ። አንዳንዱ ተጎጂ ቃል ይጠፋበታል። ሌላው የአፉ ጡንቻ አልታዘዝ ብሎት ንግግሩ እንደ ሰካራም ይጎተታል። ወዳጄን ያገኘው ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ቃሉ አለ፤ የቱን ልናገር፣ የቱን ልዋጥ፣ ተራው የማን ነው፣ የዚያ ሰው ፊት ለምን ተለወጠ የሚለው ሚዛን ነው የሚዛባው።

ታሪኩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1848 በቬርሞንት የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የነበረው ፊኒያስ ጌጅ፣ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣበት። ከደቂቃዎች በኋላ ይናገር ነበር። ሐኪሙ ጆን ሃርሎው በኋላ እንደ ጻፈው ግን ስድብ የማያውቀው ሰው ተሳዳቢ ሆነ፤ ወዳጆቹም የድሮው ጌጅ አይደለም አሉ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ሰው ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነዳ።

የኛ የሐበሾች ጨዋታ ለእንዲህ ያለ ሰው ዳገት ነው። «ምነው ጠፋህ?» ሲሉት «አልጠፋሁም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ይላል። በእንግድነት በሄደበት ቤት «መሸ እኮ» ሲባል በመስኮት አይቶ «አዎ፣ ጨልሟል» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ሰሙን ይሰማል፤ ወርቁ አይደርሰውም። ያን ያህል ቅኔ ይወድ የነበረ ሰው! በዚያ ላይ ቡና ተፈልቶ አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ የቱን ይያዝ? እሱ መልሱን እስኪያሰናዳ እኛ ሌላ ወሬ ጀምረናል።

ባለሙያዋ ያዘዘችው መድኃኒት አይደለም። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ አሽሙሩን ትታችሁ በቀጥታ በሉት፤ መልሱ ሲዘገይ ካፉ አትንጠቁት አለች። ወሬ ሲያበዛ ደግሞ «አሁን የኔ ተራ ነው» በሉት። ይኸኛው ለኛ ሰው ይከብዳል። እኔን የከበደኝ መጠበቁ ነው፤ ጋዜጠኛ ሳለሁ ሰው ማቋረጥ ሙያዬ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ሌሊት እየደወለ ውሉ የጠፋ ወሬ ሲያወራኝ ሰልችቼው ነበር። ስሙን አይቼ ስልኩን ያላነሳሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣

«ለምንድነው ስልክ የማታነሳው?» አለኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩት።

ድሮ ቢሆን ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጣል ያደርግብኝ ነበር። አሁን አመነኝ።

«እሺ» አለ፤ «ሥራው ሲያልቅልህ ደውል።»

ሰኞ ማታ ደወልኩለት።