የክረምት ተመራማሪዎች ልፋት ከንቱ አይደለም
የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚደግፈው የክረምት ምርምር መርሐ ግብር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናሙና ይለካሉ፣ መሣሪያ ያስተካክላሉ፣ የተዛባ መረጃ ያጠራሉ። ይህን «የጉልበት ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሳይንስ የሚለመደው እዚያው ነው እላለሁ። በ2007 ይፋ የሆነውን የመጀመሪያውን ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታ (ከሩቅ ሕዋ የሚመጣ እጅግ አጭር የሬዲዮ ምልክት) ያየው ዴቪድ ናርኬቪች የተባለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ ያገኘውም የአውስትራሊያው ፓርክስ ቴሌስኮፕ በ2001 የመዘገበውን መረጃ ሲያበጥር ነበር። ከዚያ ልፋት ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የተሰማሩበት የሥነ ፈለክ ዘርፍ ተወልዷል። ወቀሳው ተገቢ የሚሆነው ተማሪው ለምን እንደሚለካ ሳይነገረው ሲቀር ነው፤ ያኔም ጥፋቱ የአማካሪው እንጂ የሥራው አይደለም። መርሐ ግብሩ ለተማሪዎቹ የሚከፍለው አበልም በዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ክፍያ ባይኖር ኖሮ፣ ክረምቱን ሠርቶ የትምህርት ወጪውን የሚሸፍን የድሃ ልጅ ቤተ ሙከራውን ባልረገጠ ነበር።