መሬት ሲንቀጠቀጥ ማን ምን ይጠየቃል?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት በመለኪያ 5.7 ገደማ ነበር፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምቷል። ወዲያው ሁለት ወገን ተነሣ። አንዱ «የኃጢአት ቅጣት ነው» አለ፤ ሌላው «ሳይንስ ካስረዳው ጸሎት ምን ያደርጋል?» ብሎ አላገጠ። ሁለቱም ሳይንስን ያላለውን አስባሉት።

ሳይንስ የሚለው ይህን ነው፦ ስምጥ ሸለቆው እየተለያየ ነው፣ ቅልጥ ዐለትም ከሥር እየሰረገ ይገባል። መስከረም 1998 ከሰመራ በስተሰሜን፣ ዳባሁ ላይ፣ ምድሪቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ተለያይታለች። አፋር ዳጉ ሲለዋወጥ «ምን አየህ? ከማን ሰማህ?» ይባባላል፤ የሳይንስም ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። «ለምን እኛን?» የሚለው ግን የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ጥያቄ ነው። እዚያው ይጠየቅ።

ቅጣት ባዩ ግን አንድ ነገር ያስረዳ። የአርብቶ አደሩ የሰሌን ጎጆ ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው የብሎኬት ግድግዳ ነው። ታዲያ ኃጢአት በግንባታ ዕቃ ይለያል? ዓርብና እሑድ ሕዝብ የሚሞላባቸውን የአዋሽና የሰመራ ሕንፃዎች መሐንዲስ ይመርምራቸው። ሼኹና ቄሱ ይህን ቢጠይቁ ከማንም በላይ ይደመጣሉ።