ሐሰተኛ ወንድሞች በስልካችን ውስጥ፦ ፖሊስና ሰው ሠራሽ አስተውሎት



በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በአንጋጫ የምትኖሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ የጸሎት ርእሳችን፣ የመዘምራን ልምምድ ጥሪ፣ የእድር መልእክት፣ ደቡብ አፍሪካ ካሉ ልጆቻችን ጋር የምናደርገው ጭውውት ዛሬ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በፌስቡክ ሆኗል። «ጌታ ይባርካችሁ ወገኖች» ብሎ ወደ ግሩፑ የገባውን ሁሉ ወንድም ነው ብለን እንቀበላለን። ያ «ወንድም» መርማሪ የላከው ቢሆንስ? ያውም ጭራሽ ሰው ያልሆነ ቢሆንስ?

ነገሩ ተረት አይደለም። ዋየርድና ፎር ኦ ፎር ሚዲያ የተባሉ የአሜሪካ የዜና ተቋማት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 እንደዘገቡት፣ ማሲቭ ብሉ የተባለ ኩባንያ «ኦቨርዎች» የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ለፖሊስ ይሸጣል። ፕሮግራሙ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐሰተኛ ሰዎችን ይፈጥራል፤ ዕድሜ፣ የኑሮ ታሪክና የአነጋገር ዘይቤ ሰጥቶ ከተጠርጣሪዎች ጋር እንዲያወሩ ያሰማራቸዋል። በአሪዞና የሚገኘው ፒናል ካውንቲ 360,000 ዶላር የሚያወጣ ውል ፈርሟል። ገንዘቡ የተገኘው ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውርን ለመዋጋት ከተመደበ በጀት ነው። ለናሙና ከቀረቡት ገጸ ባሕርያት መካከል ግን በሰልፍ የምትሳተፍ ብቸኛና ከባሏ የተፋታች የ36 ዓመት ሴት፣ እንዲሁም ወላጆቿ ከየመን የመጡ፣ የሰንዓን አረብኛ የምትናገር ወጣት ይገኙባቸዋል። በሰው አዘዋዋሪ ስም የተገዛው መሣሪያ ተቃዋሚ ተማሪዎችንና ስደተኛ ማኅበረሰቦችን ለማጥመድም የተዘጋጀ ነው ማለት ነው።

ወገኖች፣ ለፖሊስም ፍትሐዊ እንሁን። የሰው ዝውውር ለሐዲያና ለከምባታ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ሲገኝ፣ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የአገሪቱ ፖሊስ ገልጿል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በማላዊ ምዚምባ የኢትዮጵያውያን የጅምላ መቃብር ተገኝቷል። ደላላው ዛሬ ልጆቻችንን የሚያጠምደው በስልክ ነውና ፖሊስ እዚያው ቢከተለው ማን ይቃወማል? መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ኢያሱ ሰላዮችን ወደ ኢያሪኮ እንደላከ፣ ኩሲም ወዳጅ መስሎ አቤሴሎም ዘንድ እንደገባ ይነግረናል (ኢያ. 2፤ 2ሳሙ. 15-17)። ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊውን እንዲቀጣ ሰይፍ ታጥቋል (ሮሜ 13፥4)።

ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሌላም ያሳየናል። የካህናት አለቆች ጌታን በቃሉ እንዲያጠምዱት ጻድቅ መስለው የሚቀርቡ ሰላዮችን ልከዋል (ሉቃ. 20፥20)። በገላትያም ጳውሎስ ነፃነታችንን ሊሰልሉ ሾልከው ስለገቡ ሐሰተኛ ወንድሞች ይናገራል (ገላ. 2፥4)። ልዩነቱ ምንድን ነው? ወንጀለኛን ማደን አንድ ነገር ነው፤ ንጹሑን ሰው እስኪሰናከል ድረስ ማባበል ግን ሌላ ነገር ነው።

አደጋውን በሦስት ነጥብ እንየው።

አንደኛ፣ ብዛት። ሰው የሆነ ሰላይ ይደክማል፣ ይተኛል፣ ደመወዝም ይጠይቃል። ማሽን ግን በአንድ ሌሊት ከመቶዎች ጋር ማውራት ይችላል። ስለዚህ «ማንን ልጠርጥር?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «ሁሉንም ልሞክር» ወደሚል ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ማባበል። ሥራ ያጣ የሃያ ዓመት ወጣት ለብዙ ሳምንታት ከሚያጽናናው «ጓደኛ» ጋር ተጫውቶ፣ በመጨረሻ «መንገደኛ ብታገናኘኝ ኮሚሽን አለህ» ቢባልና እሺ ቢል፣ ወንጀሉ የማን ነው? የእርሱ ወይስ ያሳሰበው? ድካምን ፈልጎ መግፋት የፈታኙ ሥራ እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ምስክርነት። ሕጉ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና ይላል (ዘዳ. 19፥15)። ማሽን ግን ያልነበረውን እንደነበረ አድርጎ ይናገራል። በሐዲይሳ ወይም በከምባትኛ የተነገረን ቀልድና ምሳሌያዊ አነጋገርማ እንዴት ያለ ስሕተት ይረዳው ይሆን? በፍርድ ቤትስ መስቀለኛ ጥያቄ ማን ይጠየቃል?

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ፖሊሳችን ዛሬ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። ሆኖም መሠረቱ በአገራችንም ተጥሏል። በካናዳ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ይፋ አውጥቷል። በ2017ም በውጭ አገር ያሉ ተቃዋሚዎች በሐሰተኛ የሶፍትዌር ማሻሻያ መልእክት እንደታደኑ አሳይቷል። በጁን 2021 ደግሞ ፌስቡክ ከኢንሳ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር አያይዞ 65 አካውንቶች፣ 52 ገጾች፣ 27 ግሩፖችና 32 የኢንስታግራም አካውንቶች ዘግቷል። ያ የወሬ ማሰራጫ እንጂ የምርመራ ሥራ አልነበረም፤ ነገር ግን የሌለ ሰው ፈጥሮ ሕዝብ ውስጥ ማስገባት ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልንና ሽብርን በገንዘብ መርዳትን የሚከላከለው አዋጅም፣ በሽፋን ሥር የሚሠራ መርማሪ በምርመራው ሂደት ለሚፈጽማቸው አንዳንድ ወንጀሎች እንዳይጠየቅ ከለላ ሰጥቷል፤ ነፍስ ማጥፋትን ግን አይጨምርም። ነገ በዚህ ሽፋን ሥር የሚሠራው ማሽን ቢሆን፣ ተጠያቂው ማን ይሆናል?

የወንጌል አማኞች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ እንደ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ያሉ አባቶች ተገድለው፣ ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ሲያመልኩ፣ ትልቁ ፍርሃት ከውጭ የሚመጣው ካድሬ ብቻ አልነበረም። አብሮ «አሜን» የሚለው ማን እንደሆነ አለማወቅም ነበር። ሰው ኃጢአቱን ለወንድሙ መናዘዝ ሲፈራ፣ ሕብረት ከውስጥ ይሞታል (ያዕ. 5፥16)።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የግሩፕ ኃላፊዎች በአካል ወይም በቤተሰብ የማያውቁትን ሰው አያስገቡ። ምስጢር ያለበት ምክርና ንስሐ በአካል ፊት ለፊት ይሁን እንጂ በጽሑፍ አይሁን። በስልክ ያገኛችሁት ሰው ሥራ፣ ገንዘብ ወይም መንገደኛ ሲያነሣ ያንጊዜውኑ አቋርጡና ሽማግሌ አማክሩ። ደላላ የሆነውን ግን በዝምታ አትሸፍኑት፤ ለሕግ አቅርቡት። የቤተ ክርስቲያን መሪዎችና በሕግ ሙያ ያሉ ምእመናን ደግሞ ከባለ ሥልጣናት ጋር ሲመክሩ እነዚህን ይጠይቁ፦ ሐሰተኛ ገጸ ባሕርይ የሚሰማራው በፍርድ ቤት ትእዛዝና በስም በተጠረጠረ ሰው ላይ ብቻ ይሁን፤ ጭውውቱ ሳይቆረጥ ተመዝግቦ ለተከሳሽ ይቅረብ፤ ለማሽኑ ቃል በስሙ የሚጠየቅ ሰው ይኑር፤ የአምልኮ ኅብረቶች መግቢያ አይደረጉ።

ለፖሊሶቻችን እንጸልይ፤ ብዙዎቹ ከእኛው ጋር የሚያመልኩ ናቸው። ሌባን ለመያዝ ሲሉ በባልንጀራቸው ላይ በሐሰት የሚመሰክር ነገር እንዳይታጠቁ ጌታ ይርዳቸው። እኛንም እንደ እባብ ልባሞች፣ እንደ ርግብም የዋሆች ያድርገን (ማቴ. 10፥16)። አሜን።