ማሽኑን ገዛን፤ ዓይኑንስ?

ላቦራቶሪ ሲመረቅ ካሜራው የሚዞረው ወደ አዲሱ ማሽን ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ዋጋው በዜና ይነገራል። አጠገቡ ነጭ ጋዋን ለብሳ የቆመችውን ባለሙያ ግን "ከሦስት ዓመት በኋላ እዚህ ትኖሪያለሽ ወይ?" ብሎ የሚጠይቃት የለም።

እስቲ የወባ ምርመራን እንውሰድ። ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ ስላይድ ላይ ትቀባለች፣ በጊምሳ ትቀለማለች፣ ከዚያ 1000 እጥፍ ጎልታ ትታያለች። "ወባ የለም" ለማለት ቢያንስ 100 የእይታ መስክ አንድ በአንድ መታየት አለበት። ፋልሲፓረሙን ከቫይቫክሱ መለየትም አለ፤ ሕክምናቸው አንድ አይደለምና። ይህ ዓይን ከማሽኑ ጋር በካርቶን ታሽጎ አይመጣም። በዓመታት ልምድ ነው የሚገኘው።

"ፈጣን መመርመሪያ እያለ ማይክሮስኮፕ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። መልሱ እዚሁ ሰፈራችን አለ። ፋልሲፓረምን ለመለየት በብዛት ስንጠቀምበት የቆየው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በኤርትራም በኢትዮጵያም ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን የጠፋባቸው የወባ ተህዋስያን ተገኝተዋል። መመርመሪያው "የለም" ይላል፤ ሰውየው ግን ወባ ይዞታል። እንዲህ ያለውን ክፍተት የሚደርስበት፣ ውጤቶች አልገጥም ሲሉ "ለምን?" ብሎ ወደ ስላይዱና ወደ ጂኑ የሚመለስ ሰው ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩን ችላ ብለው አላለፉትም። ያዩትን ለማረጋገጥ ግን ዓመታት የፈጀ የላቦራቶሪ ሥራ ጠይቋል። ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። 25 ዓመት መሆኑ ነው!

ዛሬ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ወጣት ቢመጣ ምን እናደርገዋለን? ጎበዝ የላቦራቶሪ ሰው ደመወዙ እንዲያድግ ከፈለገ ወይ ቢሮ ገብቶ ኃላፊ ይሆናል፣ ወይ የመሣሪያ ሻጭ ይሆናል፣ ወይ አገር ለቆ ይሄዳል። በሦስቱም መንገድ ማይክሮስኮፑ ሰው አልባ ይቀራል።

"አገሪቱ ድሃ ናት" የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ሁሉንም አይመልስም። ባለሙያው ወንበሩን ሳይለቅ የሚያድግበት የደረጃ መሰላል መሥራት፣ ስላይዱን ያነበበውን ሰው ስም በጥናቱ ላይ ማስፈር፣ ማሽን ሲገዛ የሪኤጀንትና የጥገና በጀት አብሮ መያዝ፣ እነዚህ ከገንዘብ ይልቅ ፍላጎት ነው የሚጠይቁት።

ቀጣዩ ምረቃ ላይ ስትገኙ ወይም በዜና ስትመለከቱ፣ ከማሽኑ ዋጋ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ ማሽን ላይ የሚሠራው ማነው? ለምን ያህል ጊዜስ ይቆያል?